ግማሽ ሎሚ

ሙሀጅር ሱብሂ ሰግዶ ከመስጊድ ሲመለስ እናቱን በረንዳው ጥግ፣ እሱ ብሎኖቹን ከሚያሰጣበት መደርደሪያ ሥር ቁጢጥ ብላ አገኛት። ዙሀራ ጉልበቷን አሟት ወንበር ላይ ተቀምጣ መስገድ ከጀመረች ሰነባብታለች፤ ቁጢጥ ማለት ይቅርና ጫማዋን ለማጥለቅ እንኳ እሱን ነው የምትጠራው። አሁን ግን በአንድ እጇ ግማሽ ሎሚ፣ በሌላው ብሎን ይዛ፣ ሎሚውን ከጎኗ ካለው ጨው እያስነካች ብሎኑን ፊቱንም ጀርባውንም፣ ጥርሱንም ሳይቀር ታሸዋለች። ሕፃን የምታጥብ ይመስል ቀስ ብላ ነው የምትሠራው። ሙሀጅር መጀመሪያ ልታጸዳለት መሰለው። እዚያ ቤት ሎሚ የማያጸዳው ነገር የለም፤ ዓሣውም፣ ድስቱም፣ የነሐሱ ትሪም በሎሚ ነው የሚታሸው። ደግሞስ እናት ናት፣ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ዙሀራ ግን ብሎኑን ወደ በሩ አምፖል አዙራ አየችው፣ መጥቆሩን አረጋገጠች፣ “አስተግፊሩላህ” አለችና የጠቆረውን ጎን ወደ ታች ደፍታ ረድፉ ላይ መለሰችው። ከዚያ ሌላ አነሳች። የሚያጸዳ ሰው ምሕረት አይለምንም፤ ያጸዳውንም አይደፋም።

እዚያው ቢጮህባት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ሙሀጅር ግን በሕይወቱ እናቱ ላይ ጮሆ አያውቅም፤ አሁንም ከየት ያመጣዋል? በጫማው ጫፍ እየተራመደ ወደ ኋላ ተመለሰና የግቢውን የቆርቆሮ በር እንደ አዲስ ከፈተው፤ አንገጫገጨው፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጫማውን ከድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስቴ አራገፈ። ለገዛ እናቱ ማምለጫ ጊዜ ሰጣት። ሲገባ ቧንቧው ጋ ቆማ እጇን ትታጠብ ነበር።

“ሰገድክ?”

“ሰገድኩ።”

“አላህ ይቀበልህ።”

“አሚን።”

“ፈየራ ዛሬ ነው አይደል አዲስ አበባ የሚወስድህ?” አለች፣ ፊቷን ወደ ቧንቧው እንዳደረገች።

“አይሱዙውን ጭኖ አስር ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሏል።”

“ኢንሻአላህ። ይሄኔ ሁሉም አልቆልሃል፤ አይዞህ ልጄ።”

በረንዳው ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር የቆመው ላንድሮቨር የአባቱ ነው። ሟቹ አብዱልሰመድ ከአጋሮና ከጌራ ቡና ሲያመላልስበት የኖረ፣ ለኢድ በመጣ ቁጥር በዚያ ዓመት ገበያ ላይ የረከሰውን ቀለም ገዝቶ በብሩሽ ራሱ የሚለቀልቀው መኪና ነው። የቀለም ነገር ሲነሳ ለሟቹ ብሎን፣ ማጠፊያ፣ ፓራውልት ብሎ ነገር አልነበረም፤ ብሩሹ የደረሰበት ሁሉ ይቀባል። አዲስ አበባ፣ አሮጌ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት መልክ የሚመልስ ጋራዥ ያለው አብሳሎም የሚባል ሰው የዚህን ላንድሮቨር ፎቶ አየና ደወለ። “ትንንሾቹን ዕቃዎች ከፋብሪካ ሲወጡ እንደነበሩ አድርገህ አምጣልኝ። እጅህን ከወደድኩት መኪናውንም እገዛለሁ፣ አንተንም እቀጥራለሁ” አለው። ሙሀጅር ያን ቀን ግቢውን እየዞረ ሲስቅ ዋለ። ወንድሙ ኸይሩ ጅማ ጠበበችኝ ብሎ ሄደ፤ እህቱ ነጅላ ባል መጣላትና ሄደች፤ አባትየው ሞተ። እናት ጋ የሚቀር ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እሱም እሺ ሳይል፣ ሙሀጅር ቀረ። ዕድሜው ሠላሳን አልፎ ጎረቤት አሁንም “የዙሀራ ትንሹ” ነው የሚለው።

ሥራውን ከስልክ ላይ እያየ፣ እየተሳሳተ፣ ደግሞ እያበላሸ ተማረው። ጅማ ውስጥ፣ ቦሳ ኪቶም ሆነ ጊንጆ ሰፈር፣ መኪና ታደሰ ማለት አበራ ማለት ነው፤ ፊትህ ካልታየበት ሥራ አይባልም። አብሳሎም ግን “ፋብሪካው ያልሰጠውን ብልጭታ አንተ አትስጠው” አለው። ይህ መኪና ሲወለድ ብሎኖቹ ዚንክ የለበሱ፣ ክረምት ላይ እንደሚታየው ሰማይ ዳለቻ ነበሩ። ሙሀጅር ዚንኩን የሚያገኘው ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ቅርፊቱን ልጦ አቼቶ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይነክረዋል፣ የጸዳውን ብሎን አጠገቡ ያንጠለጥላል፣ ከጓደኛው ከሙሐዲን በተዋሰው ቻርጀር ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። ሲወጣ ትክክለኛው ዳለቻ ይሆናል። በማግስቱም ደህና ነው። ከዚያ አንድ ማለዳ ይጠቁራል፣ እስከ ማታ ቡና ይመስላል። ሙሀጅር ያልወነጀለው ነገር የለም፤ የቧንቧውን ውሃ ወነጀለ፣ አቼቶውን ወነጀለ፣ የጅማን ዝናብ ወነጀለ፣ በመጨረሻ የራሱን እጅ ወነጀለ። አብሳሎምም ቀጠሮውን እያራዘመ እያራዘመ ተሰላቸ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ።

ዛሬ ግን አንድ እናቱ የማታውቀው ነገር አለ። በዚህኛው ዙር የጅማን እርጥበት ልፈትን ብሎ ከቁራሌው በገዛው ትርፍ ዕቃ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት አድርጎ ነበር የሠራው፤ አንዱን በረንዳው ላይ አሰጣ፣ ሌላውን በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከተተና ከላንድሮቨሩ ወንበር ሥር ካለው የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። እናቱ ወደ ጓዳ ስትገባ ሳጥኑን ከፍቶ አየ። አንድም የጠቆረ የለም። ልክ አብሳሎም እንዳለው፣ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ዳለቻ። ለወራት የናፈቀው ነገር እጁ ላይ ነበር፤ ደስ ግን አላለውም። ክዳኑን ገጥሞ ቆለፈው፤ ከበረንዳው ላይ አንድ የጠቆረ ብሎን ኪሱ ከተተና ቁርስ ሳይበላ ወጣ።

ጊንጆ ድረስ በእግሩ ሄደ። ባጃጆቹ “ወንድሜ፣ ግባ” እያሉ አጠገቡ ቀዝቀዝ ይሉና ያልፉታል። የተናደደ ሰው ባጃጅ ውስጥ አይቀመጥም፤ መራመድ ነው የሚፈልገው። ጠላት እንኳ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው እያለ ያስባል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጀር ስጠብቅ “ተኛ ልጄ፣ ዓይንህን አሳዝነው” ትለኝ ነበር፤ ለካ እስክተኛ ነው የምትጠብቀው። ሎሚ ቆርቆሮ እንደሚበላ የነገረችውም ራሷ ናት፤ ልጅ ሳለ የቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ሎሚ ጨምቆ ባልዲው ሲጠቁር “ሎሚና ቆርቆሮ አይዋደዱም” ብላ ጆሮውን ቆንጥጣዋለች። ያን ያስታውሳል፤ ጆሮውም ያስታውሳል።

ሙሐዲን ባትሪ የሚሞላ፣ ብየዳ የሚሠራ፣ ከሁሉም በላይ የሚያወራ ሰው ነው። ብሎኑን ተቀብሎ አገላበጠውና አፍንጫው ጋ አስጠጋው።

“ያ ሙሀጅር፣ ይሄ ነገር ሎሚ ይሸታል መሌ።”

“እኔ ነኝ ያሸሁት” አለ ሙሀጅር። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። “እድፉ ይለቅ እንደሆን ብዬ።”

“ዚንክ በሎሚ? ወላሂ አንተ ልጅ ጨርሰሃል!” ሙሐዲን ከት ብሎ ሳቀና ባትሪ ሊያስሞላ ወደቆመው ባለ ባጃጅ ዞረ። “ስማ፣ ይሄ ሰውዬ አዲስ አበባ ሊቀጠር ነው፤ ሞያው ብሎን በሎሚ ማሸት ነው!” ባለ ባጃጁም ሳቀ። ከጎን ሻይ የምትሸጠው ልጅም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባት ሳቀች። ሙሀጅርም አብሯቸው ሳቀ፣ ምን ያድርግ? እናቴ ናት ቢል ደግሞ የሚስቁት በእሷ ነው፤ ከዚያም በየቤቱ ወሬ ይሆናል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

አብሳሎም የደወለው እዚያው ቆመው እያሉ ነው። ሰላምታ አላበዛም። “ሙሀጅር፣ ዛሬ ከፈየራ ጋር ካልወጣህ ሌላ ልጅ አግኝቻለሁ። እኔም ሥራ አለብኝ፤ የዝናብ ታሪክ ሰልችቶኛል” አለ።

“እመጣለሁ፣ አቶ አብሳሎም። ዕቃው አልቋል።”

“አልቋል? ሙሉውን?”

“ሙሉውን። ያዩታል።”

ሙሐዲን ሳቁን አቆመና ትከሻውን ያዘው። “ሂድ በቃ” አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። “አዴ ዙሀራን እኛ አለንላት። እዚህ ከቆየህ አንተም እንደ መኪናው መጠለያ ሥር ትቀራለህ።” ሙሀጅር ቻርጀሩን ነገ ከቤት እንዲወስድ ነግሮት ተሰናበተው። ሲመለስ ባጃጅ ያዘ፤ ሾፌሩ ስለ ቤንዚን ዋጋ ሲያማርር እሱ ልክ ነህ፣ ልክ ነህ ይላል። በልቡ ቆርጧል። ዛሬ ይሄዳል። አይነግራትም፣ አይወቅሳትም፤ የወተት ቆርቆሮውን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ያኔ ራሷ ትረዳዋለች።

ቤት ሲደርስ ሻንጣው ተዘጋጅቶ በሩ ጥግ ቆሟል። ሸሚዞቹ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ አንገታቸው እንዳይታጠፍ በመካከላቸው ጋዜጣ ገብቶባቸዋል። ከሻንጣው ላይ በፌስታል የተቋጠረ ዕቃ አለ፤ ሳይፈታው አወቀው። ጩኮ ነው። ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ ለውሳ የምታዘጋጅለት የመንገድ ስንቅ። አብሳሎም ቀጠሮ በሰጠ ቁጥር ይሠራል፣ ብሎኑ በጠቆረ ቁጥር እዚሁ ቤት ይበላል። ይቺ ሴት ምን ዓይነት ሰው ናት? በአንድ እጇ መንገዱን እያጠረች በሌላው ስንቅ ትቋጥራለች። ደግሞ ማስመሰል እንዳይባል፣ ቅቤው ምርጥ ነው።

ምሳ ፍርፍር ነበር። ትናንትም ፍርፍር ነበር። ሙሀጅር ጎርሶ ቀና ሲል እናቱ በማንኪያ ስትበላ አያት፤ ከዚህ በፊትም አይቷል፣ እንደ ዛሬ ግን አስተውሎት አያውቅም። ዙሀራ በማንኪያ የሚበላ ሰው የጠገበ አይመስላትም፤ ልጆቿን “በእጃችሁ ብሉ፣ በረካው እጅ ላይ ነው” እያለች ነው ያሳደገችው። ከመቼ ወዲህ ነው ይህ ቤት በማንኪያ የሚዛቅ ፍርፍር ብቻ የሚበላው? እሱ ጥርሷን አሟት መስሎት ነበር። እንዲያውም፣ ልንገራችሁ፣ ምንም አልመሰለውም፤ አልጠየቀም።

“ሎሚ እሳት ሆኗል ገበያው” አለች ዙሀራ። “ሁለቱ ፍሬ ሃያ ብር። የሚበላው ጠፍቶ ሎሚ ሃያ ብር!”

ሙሀጅር ማንኪያዋን አየ። ሊስቅ ነበር፣ ሊያለቅስም ነበር። “እጅሽን አሳይኝ” አላት።

“ምን ሆነ እጄ?”

“አሳይኝ እማ።”

መዳፏን ከፈተችለት። የጣቶቿ ጫፍ በድርቀት እንደተሰነጠቀ መሬት ተተርትሯል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ውስጡ ቀይ ነው። በዚህ እጅ በርበሬ የነካው ነገር መብላት አይቻልም። በዚህ እጅ ነው እንግዲህ ጨውና ሎሚ ይዛ በየማለዳው የምታሸው።

“ሳሙናው ነው” አለች ቶሎ ብላ። “የዘንድሮ ሳሙና እኮ መርዝ ነው።”

ሙሀጅር ተነስቶ ቫዝሊን አመጣ። እግሯ ሥር ተቀምጦ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀባላት፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሁን ልንገራት አለ በልቡ። አይቼሻለሁ ልበላት። አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው።

“ኸይሩም ለወር ነው ብሎ ነበር የወጣው” አለች፣ ለግድግዳው።

ግራ እጇ አልቆ ቀኙን ያዘ። ውጭ ዝናቡ የጣራው ቆርቆሮ ላይ ጀመረ፤ እስኪያባራ እንደዚያው ተቀመጡ።

ከአስር ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ የብሎኖቹን ቆርቆሮ ሊያወጣ ወደ መኪናው ሄደ። የፊት ፓራውልቱ፣ መኪናው አፍንጫ ላይ የተጋደመው ብረት፣ ሙሀጅር ዚንክ ያልነከረው ዕቃ ነው፤ የአባቱን ቀለም ሲያነሳለት ከሥሩ የፋብሪካው ዚንክ ደህና ሆኖ ስለተገኘ እንዳለ ተወው። አሁን ጎንበስ ሲል ከጥጉ ላይ፣ ከመደርደሪያው በኩል፣ ጠቆር ያለ ነገር አየ። በእጁ ጠረገው፣ አልለቀቀም። አራት ጣትና አንድ መዳፍ ነው። በላዩ ላይ ሌላ መዳፍ፣ በዚያም ላይ ሌላ፣ ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ተደራርበው ብረቱን በልተውታል። ጉልበቷ አላነሳ ሲላት የምትደገፈው እዚህ ነው። በጨለማ፣ ብቻዋን፣ ልጇን እንዳትቀሰቅስ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሎሚ በነካው እጇ ይህን ብረት ይዛ ነው በየማለዳው የምትነሳው። ሙሀጅር መዳፉን መዳፏ ላይ አኖረው። ንዴቱ ነበር፣ አልሄደም፤ ግን መሄጃ አጥቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ።

የፈየራ አይሱዙ በሩ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ዙሀራ ነች የከፈተችለት።

“አዴ ዙሀራ፣ አካም ኦልተኒ?”

“ነጋ፣ ገለታ ረቢ! ግባ የኔ ልጅ፣ ሻይ ላፍላልህ?”

“አይ፣ ዛሬ ይቅርብኝ፤ ቡና ጭኛለሁ፣ በጣም ሳይመሽ ወልቂጤ መግባት አለብኝ። ኤጋ፣ የዛሬውስ እውነት ነው? ይሄዳል?”

“ይሄዳላ! በሰላም አድርስልኝ። ጩኮው እንዳይደፋ ከእግርህ ሥር አታድርገው” አለች። ሻንጣውን ራሷ እያነከሰች በሩ ድረስ ጎተተችው። በረንዳው ላይ ያሉት ብሎኖች እንደማይሆኑ ስለምታውቅ ምርቃቱ አልከበዳትም፤ እንዲህ ማለት ግፍ ነው፣ ግን እውነት ነው። ሙሀጅር ከመጠለያው ሲወጣ ቆርቆሮውን ብብቱ ሥር ይዟል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለችው።

ክዳኑን ከፈተና ጨርቁን ገለጠላት። ዳለቻዎቹ ብሎኖች፣ ማጠፊያዎቹ፣ የመስታወት መያዣዎቹ፣ ሁሉም ደህና፣ ሁሉም ሙሉ ሆነው ታዩ። ዙሀራ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ መደርደሪያውን አየች፤ ከዚያ የልጇን ፊት አየች፤ እዚያም ያለውን ሁሉ አነበበች መሰለኝ፣ እጇ ግድግዳ ፈለገ።

“አለቀልህ?”

“አለቀልኝ።”

“አልሃምዱሊላህ” አለች። አንድ እናት በዚህ ጊዜ ሌላ ልትል የምትችለው ነገር የለም፤ እሷም አለችው፣ ድምፅዋ ግን ግማሽ ላይ ቀረ። “ሂድ በቃ፣ ይመሽባችኋል።”

ሙሀጅር ግንባሯን ሳመ፣ ጋቢና ገባ፣ ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ፈየራ ሞተሩን አስነሳና ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሙሀጅር በስፖኪዮው ግቢውን ያያል፤ በሩ አልተዘጋም። እናቱ ቆማ እጇን አላውለበለበችም፣ አላለቀሰችም። ዞራ ቀስ እያለች ወደ መጠለያው ሄደችና እጇን ፓራውልቱ ላይ፣ እዚያው ቦታዋ ላይ አድርጋ ተደገፈች።

“አቁም” አለ ሙሀጅር።

“ምን ረሳህ?”

“አቁም ፈየራ። ይቅር፤ አልሄድም።”

ፈየራ ፍሬኑን ረግጦ ዞሮ አየው። “አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ሁለተኛ አይጠብቅህም። ለአብሳሎም ምን ልበለው ኤጋ?”

“እርጥበት ነው በለው። የጅማ እርጥበት።”

ሻንጣውንና ጩኮውን አንጠልጥሎ ሲገባ ዙሀራ ከመጠለያው ወጣች። ሻንጣውን ተቀበለችው፣ ሸሚዞቹን አውጥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለች፣ የጩኮውን ዕቃ ፈታችና በሰሃን አድርጋ ፊቱ አቀረበች፤ ልክ እንደ ሌላው ጊዜ። “ብላ፣ ምሳህንም በቅጡ አልበላህም” አለችው። በላ። ጣፋጭ ነበር፤ መረረው። ብሎኖቹን የት ላድርጋቸው ብሎ ብዙ አሰበ። መልሶ ሊቆልፋቸው ይችል ነበር፤ ነገ ለሌላ ሰው፣ ከነገ ወዲያ ለሌላ ጋራዥ፣ አዲስ አበባ እንደሆን አብሳሎም ብቻ አይደለም ያለው። የሳጥኑን ቁልፍ እጁ ላይ ሲያሽከረክር ቆየና ኪሱ ከተተው። ከዚያ የጠቆሩትን ከመደርደሪያው ጠራረገ፣ ደህናዎቹን ከቆርቆሮው አውጥቶ በቦታቸው አንድ በአንድ ደረደረ፤ ከፊት፣ ከዝቅተኛው ረድፍ፣ ብዙ መጎንበስ ሳያስፈልግ እጅ የሚደርስበት ላይ። አጠገቡም የወጥ ቤቱን ዱካ፣ አጭሩን መቀመጫ፣ አመጣና አስቀመጠ።

“መግሪብ ሰግጄ እመጣለሁ” አላት።

“ሂድ፣ አላህ ይቀበልህ” አለች ከጓዳ።

ሰገደ። ኢማሙ ካበቃም በኋላ ቁጭ ብሎ ቆየ፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ጫማ የሚደረደርበት ቦታ ባዶ ሆነ። ወደ ቤት ሲመለስ ቀስ እያለ ነው። የግቢው በር ላይ ሲደርስ ከመክፈቱ በፊት የበሩን ቆርቆሮ አንገጫገጨው፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጫማውን ከድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስቴ አራገፈ። ከዚያ ቆሞ ጠበቀ። ውስጥ ዱካው ሲንሸራተት ተሰማ፤ ጥቂት ቆይቶም ቧንቧው ተከፈተ፣ ውሃው መፍሰስ ጀመረ።